ያለ ገንዘብ ድጋፍ የተሰጠኝን የዶክትሬት ቦታ ልቀበል?

ጥያቄ፦ «በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ ላለፉት 3 ዓመታትም በዳታ ተንታኝነት ሠርቻለሁ። በዳታ ሳይንስ ሦስተኛ ዲግሪዬን ለመማር ለ11 ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቼ 10ሩ አልተቀበሉኝም። አሜሪካ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ‹በአሁኑ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍ ማቅረብ አንችልም› ይላል። ቤተሰቦቼ ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆነኝን ገንዘብ ተበድረው ሊሰጡኝ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ከከፈልኩት ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚያስገኝልኝ ቃል ገብቶልኛል። መልስ እንድሰጥ የተቀመጠልኝ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 ሲሆን የቀረኝ 3 ሳምንት ብቻ ነው። ውጤቴ መካከለኛ ነው፤ የታተመ ጽሑፍ የለኝም። ለሁሉም የላክሁትን የዓላማ መግለጫ አያይዣለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎንና አባሪውን ደጋግሜ አነበብኩ። ጊዜው ስለሚያጣድፍዎ መልሱን ላስቀድም፦ ዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፉን በጽሑፍ ካላረጋገጠልዎ ቦታውን አይቀበሉ፤ ቤተሰብዎ ዕዳ ውስጥ እንዲገቡ አይፍቀዱ፤ «ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ» ላለዎት ሰውም ምንም ዓይነት ክፍያ አይፈጽሙ። ከ10 እምቢታ በኋላ የመጣ አንድ እሺታ ምን ያህል እንደሚያጓጓ ስለምረዳ ይህን ስጽፍልዎ ቀላል አልሆነልኝም። ምክንያቴን በዝርዝር የማስረዳዎ፣ እሱን ከተረዱት የሚቀጥለውን ዙር ማመልከቻ ከሥሩ በተለየ መንገድ እንደሚያዘጋጁት ስለማምን ነው።

በእርስዎ የሙያ መስክ ሦስተኛ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ እየተከፈለ የሚማሩት ትምህርት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በስታቲስቲክስና በዳታ ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ የሚቀበሉ ጠንካራ የትምህርት ክፍሎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያውን ራሳቸው ይሸፍናሉ፣ የኑሮ መደጎሚያ ይሰጣሉ፣ የጤና መድንም ይገባሉ፤ ተማሪውም በምላሹ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት ያገለግላል። ገንዘቡ የሚመጣው አንድ ፕሮፌሰር ለተወሰነ ጥናት ካገኘው የምርምር ፈንድ፣ የትምህርት ክፍሉ ለማስተማር ሥራ ከያዘው በጀት፣ ወይም ፌሎውሺፕ ከተባለው በቀጥታ ለተማሪው ከሚሰጥ የጥናት ድጋፍ ነው። ስለዚህ «ተቀብለንዎታል፣ ድጋፍ ግን የለንም» የሚለው ደብዳቤ የሚነግርዎ ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ «ይህ ሰው ለምርምሬ ያስፈልገኛል» ብሎ በጀቱን ለእርስዎ የመደበ መምህር እስካሁን አለመኖሩንም ይነግርዎታል። በዶክትሬት ትምህርት ደግሞ ከገንዘብ እጦት ይልቅ የአማካሪ እጦት የከፋ ነው፤ ገንዘብ ያጣ ተማሪ ያጣውን ቶሎ ያውቀዋል፣ የሚከታተለው አማካሪ ያጣ ተማሪ ግን ጉዳቱን የሚያየው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

የአንድ ዓመት ብድር አሳሳች የሚሆነው ለቪዛ ሂደቱ በቂ መስሎ ስለሚታይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ሰነድ ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈን እንደሚችሉ ማስረጃ ይጠይቅዎታል፤ ትምህርቱ ግን 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ስለማይፈቀድለት ጉድለቱን በጎን ሥራ እሞላለሁ ማለትም አይቻልም። እርግጥ ነው፣ በዚህ መልክ ገብተው በሁለተኛው ዓመት የምርምር ረዳትነት ያገኙ ተማሪዎች አሉ። ይሁንና ያ ዕድል ባይመጣ ዕዳው የሚቀረው በእርስዎ ላይ ሳይሆን በተበደሩልዎት ቤተሰቦችዎ ላይ ነው፤ ዲግሪውም በእጅዎ አይኖርም።

ያም ሆኖ የቀሩዎትን 3 ሳምንታት ዝም ብለው አያሳልፏቸው። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ጉባኤ አባላት በተስማሙበት ደንብ መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት አመልካች ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። በዚህ ምክንያት ብዙ ቦታ የተቀበሏቸው ተማሪዎች የማይፈልጉትን የሚመልሱት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ የተመለሰው ገንዘብም ለሌላ ሰው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ስለ ተቀበሏችሁኝ አመሰግናለሁ ብለው ከጀመሩ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ለገንዘብ ድጋፍ የተጠባባቂዎች ዝርዝር አለ ወይ፣ እኔስ በዝርዝሩ ውስጥ አለሁ ወይ፣ ከኤፕሪል 15 በፊት ውሳኔውን ማወቅ እችላለሁ ወይ። በዚያው ቀን ምርምራቸው ከእርስዎ ጥናት ጋር ለሚቀራረብ አንድ ወይም ሁለት የክፍሉ መምህራን ጽፈው በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የምርምር ረዳት ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቋቸው። በጽሑፍ የተረጋገጠ መልስ ካገኙ ደስታዬ ነው፤ ካላገኙ ግን ቦታውን በትሕትና ይመልሱት።

ከከፈሉት ስኮላርሺፕ እንደሚያስገኝልዎ ቃል ስለገባው ሰው ብዙ አልልም። ከዚህ በታች በምጠቅሳቸው መንገዶች ሁሉ የሚመርጡት የትምህርት ክፍሎችና ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ማስታወቂያዎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የማመልከቻ ክፍያ ካለ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይከፈላል፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ከክፍያው ነፃ ለመሆን ለሚጠይቁ አመልካቾች ፎርም አዘጋጅተዋል። በመካከል የቆመ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። ይልቁንም በስምዎ የተዛባ ሰነድ ቢያስገባ የተሰጠዎት ቦታ ሊሰረዝ፣ መጠየቅም ሊያመጣብዎ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል የመጣው ጥሩ ውጤት ላመጣ ሰው እንደሚሰጥ ሽልማት ሆኖ ይመስላል። በዚህ ዓይን ሲታይ «ውጤቴ መካከለኛ ነው» የሚለው ኀዘንዎ ትክክል ይመስላል። ድጋፍ ያለው የዶክትሬት ቦታ ግን በአብዛኛው ሽልማት አይደለም፤ አንድ ሰው በጀት ይዞለት ሠራተኛ የሚፈልግለት የምርምር ሥራ ነው። መራጮቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ይህን ችግር ይዞ 4 ዓመት ሊሠራ የሚችለው ማን ነው?» ብለው ነው። ውጤት የሚመዘነው ለዚህ ጥያቄ እንደ አንድ ማስረጃ ሆኖ ነው፤ የ3 ዓመት የሥራ ልምድም ሌላ ማስረጃ ነው።

ይህ ነገር በግልጽ የሚታየው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ለእርስዎም ይበልጥ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው፤ ቦታውም እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ መደብ የጥናቱ ርዕስና የሚፈለገው ችሎታ ተዘርዝሮ ማስታወቂያ ይወጣበታል። በስዊድን የዶክትሬት ትምህርት ከየትም አገር ለመጣ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ትምህርቱ የ4 ዓመት ሙሉ ጊዜ ሲሆን እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የማስተማር ሥራ ሲጨመርበት ወደ 5 ዓመት ይሄዳል። በጀርመን ብዙዎቹ የምርምር መደቦች ቲቪ-ኤል 13 በተባለው የመንግሥት የደመወዝ እርከን ይከፈላሉ። ማስታወቂያው ላይ «65 በመቶ» ወይም «75 በመቶ» የሚል ካዩ ከሙሉ ደመወዝ የሚደርስዎ ድርሻ ነውና ከመደሰትዎ በፊት ያስሉት። በነዚህ አገሮች በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ የግድ ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ከሚያመለክቱት ጋር ሲወዳደሩ ብዙም ያልቆጠረልዎት ማስተርስ እዚህ በሩን የሚከፍትልዎ ቁልፍ ይሆናል። ማስታወቂያዎቹ ዓመቱን ሙሉ ይወጣሉ፤ ክፍት ሆነው የሚቆዩት ግን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ እነዚህ ማስታወቂያዎች የሚወጡባቸውን ድረ ገጾች፣ የአውሮፓ ኮሚሽኑን ዩራክሰስ እና የኔዘርላንድሱን አካደሚክ ትራንስፈር፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን መመልከት ልማድ ያድርጉ።

ከነዚህ መካከል አንዱን ለይቼ ልንገርዎ። በተለያዩ ተቋማት ትብብር የዶክትሬት ተማሪዎችን የሚቀጥሩት የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች ከየትኛውም አገር ለመጡ አመልካቾች ክፍት ናቸው፤ የሚጠይቁት ዋናው ነገር አመልካቹ የዶክትሬት ዲግሪ የሌለው መሆኑንና ከመቀጠሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረ ወይም ዋና ሥራውን ያልሠራ መሆኑን ነው። ይህን ደንብ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። «እንደምንም ከፍዬ ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ልሂድ፣ ድጋፉን እዚያ ሆኜ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ በዚያው አገር ለዚህ ዕድል ብቁ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በር ለመክፈት የተከፈለ ገንዘብ በር ሲዘጋ ማየት ያሳዝናል።

ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ዘርፍ) የሚስብዎ ከሆነ በሽቱትጋርትና በቱቢንገን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ዓለም አቀፍ የኢንተለጀንት ሲስተምስ የምርምር ትምህርት ቤት፣ ተማሪውን በሁለት የተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ለሚገኙ ሁለት አማካሪዎች የሚያገናኘው የኤሊስ ፕሮግራም፣ እንዲሁም ተማሪው በተለያዩ የምርምር ቡድኖች ውስጥ እየተዘዋወረ ከሠራ በኋላ አማካሪውን የሚመርጥበት የኦስትሪያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ሊታዩ ይገባቸዋል። በሦስቱም ውድድሩ ብርቱ ነው። በብሪታንያ ደግሞ የመንግሥቱ የምርምር ፈንድ ድርጅት የሚደግፋቸው የዶክትሬት ቦታዎች ከ2021 ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሪዎች ተከፍተዋል፤ ነገር ግን የውጭዎቹ ቁጥር ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ስለተወሰነና የውጭ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ከፍ ያለ ስለሆነ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን ከማመልከትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሌላው ስሕተትዎ በፍለጋው ላይ ነው። ያመለከቱባቸው 11 ፕሮግራሞች ሁሉ በስማቸው ውስጥ «ዳታ ሳይንስ» የሚል አለባቸው። ስሙ አዲስ ነው፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ክፍል እንኳን ስታቲስቲክስና ዳታ ሳይንስ ተብሎ የተሰየመው በ2017 ነው። በዚህ ስም በብዛት የሚገኙት ተማሪው ራሱ የሚከፍልባቸው የማስተርስ ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ የዶክትሬት ገንዘቡ በአብዛኛው ያለው በስታቲስቲክስ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ)፣ በኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት)፣ በአየር ንብረትና በኢኮኖሚክስ ክፍሎች ውስጥ ነው። ስሙን ትተው ችግሩን ይፈልጉ።

የእርስዎ ችግር የትኛው እንደሆነ ደግሞ ራስዎ ጽፈውታል፤ የጻፉት ግን ማንም በማይደርስበት ቦታ ነው። የዓላማ መግለጫዎ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለቁጥር ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ዳታ የዘመናችን ትልቅ ሀብት ስለመሆኑ ያትታል፤ ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲውን ያወድሳል። ለዓመታት የአመልካቾችን ማኅደር አንብቤአለሁ፤ እነዚህ ሦስት አንቀጾች የስም ለውጥ ብቻ ተደርጎባቸው በብዙ ማኅደር ውስጥ ይገኛሉ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ። በሁለተኛ ዲግሪ ጥናትዎ የታካሚዎች ክትትል መረጃ ውስጥ የጎደሉትን ልኬቶች በአማካይ ሞልተው እንደነበር፣ በኋላ ግን ከቀጠሮ የቀሩት በብዛት ባለፈው ልኬታቸው ሕመሙ የጸናባቸው ሆነው እንዳገኟቸው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋል።

ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አንድ የዶክትሬት ጥናት ልትወልድ ትችላለች። የስታቲስቲክስ ሊቁ ዶናልድ ሩቢን በ1976 እንዳሳየው መረጃ ለምን ጎደለ የሚለው ጥያቄ ከመሙያው ዘዴ ይቀድማል። ታካሚው የቀረው አስቀድሞ በተመዘገበው ልኬት ምክንያት ከሆነ ያ ልኬት በእጅዎ ስላለ ጉድለቱን በተገቢው ዘዴ ማረም ይቻላል። የቀረው ግን ባልተለካው፣ በዚያው በቀረበት ቀን በነበረው ሕመም ምክንያት ከሆነ፣ መረጃው ራሱ ይህን ሊነግርዎ አይችልም፤ ግምቶችን እየለዋወጡ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ መመርመር ግድ ይላል። እርስዎ የመጀመሪያውን አይተዋል፤ ሁለተኛውን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለዎት። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚሠሩ መምህራን በባዮስታቲስቲክስና በኤፒዲሚዮሎጂ ክፍሎች ውስጥ አሉ፤ እርስዎ ግን ለአንዳቸውም አላመለከቱም።

ስለዚህ መግለጫው እንዲህ ይጀምር፦ «በሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከቀጠሮ የቀሩ ታካሚዎች በብዛት ሕመሙ የጸናባቸው እንደነበሩ አገኘሁ፤ የጎደለውን በአማካይ መሙላቴም የሕመሙን ክብደት አሳንሶ አሳይቷል። ማጥናት የምፈልገው የመቅረቱ ምክንያት ከመረጃው ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ እንዴት የሚታመን መደምደሚያ ላይ መድረስ እንደሚቻል ነው።» ከዚህ ቀጥሎ የሠሩትን፣ ያልተሳካልዎትንና በሥራ ላይ የተማሩትን ያስከትሉ። ስሕተትዎን መደበቅ አያስፈልግም፤ በአማካይ መሙላትዎን ራስዎ ደርሰውበት ማረምዎ ከፍተኛ ማርክ የማያሳየውን ነገር ያሳያል።

ለፕሮፌሰሮች ሲጽፉም ይኸው ነው። ከአንድ ገጽ ያነሰ ይሁን፤ ከጽሑፎቻቸው አንዱን በእርግጥ አንብበው ከራስዎ ጥናት ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነና በጀት ይኖራቸው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለእነሱም የዕለት ተዕለት ጉዳያቸው ነው። ብዙዎች አይመልሱም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ አስታውሰው ይተዉት። አንዳንድ ተቋማት አመልካቾችን የሚመርጡት በኮሚቴ ብቻ ስለሆነ ለመምህራን በግል እንዳይጻፍ ይጠይቃሉ፤ ይህን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የታተመ ጽሑፍ አለመኖሩ በር አይዘጋም፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ምዕራፍ ከነኮዱ አጽድተው ሊታይ በሚችል መልክ ያስቀምጡት። ከሦስቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች ቢያንስ ሁለቱ ምርምር ሲሠሩ ባዩዎት ሰዎች የተጻፉ ይሁኑ፤ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ግን በስም ብቻ የሚያውቅዎ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ክፍሎች ስለተዉት የሚያመለክቱበት ክፍል ካልጠየቀ ገንዘብዎን አያውጡበት።

በሚቀጥለው ዙር «ሙሉ ድጋፍ» የሚል ደብዳቤ ሲደርስዎ ቃሉን ሳይሆን ዝርዝሩን ያንብቡ። ድጋፉ ለስንት ዓመት ነው? በዓመት ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12? የጤና መድንና ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎች ተካተዋል? አማካሪው ወደ ሌላ ተቋም ቢዛወር ወይም ፈንዱ ቢያልቅ ድጋፉን የሚቀጥለው ማን ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሳይጠይቁት ገብተው በሦስተኛው ዓመት የተጨነቁ ተማሪዎችን አውቃለሁ።

የአሜሪካዎቹ የማመልከቻ ጊዜ በአብዛኛው በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ስለሚያበቃ በእጅዎ ከ8 ወር በላይ አለ። ሥራዎን አይልቀቁ። እስከ ጁን ያሉትን ሳምንታት የጎደሉ መረጃዎችን የሚያጠኑ 15 መምህራንን ለመለየትና ጽሑፎቻቸውን ለማንበብ ያውሏቸው፤ የአውሮፓ ማስታወቂያ ከወጣ ደግሞ ዲሴምበርን ሳይጠብቁ ያመልክቱ። በአዲስ መልክ የጻፉትን መግለጫ ኦገስት ላይ ይላኩልኝ፤ እንደዚህኛው ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበዋለሁ።